ያለ ጥፋቱ የሚከሰሰው ፕሮሰሰር

ፒያሳ ኮምፒውተር መጠገን ከጀመርሁ ዓመታት ተቆጥረዋል። የጌም ማሽን ተሸክመው ከሚመጡት ወጣቶች ብዙዎቹ በሽታውን ራሳቸው መርምረው፣ መድኃኒቱንም ራሳቸው አዝዘው ነው የሚደርሱት፦ «ጋሼ፣ ጌሙ ይንቀራፈፋል፤ ፕሮሰሰሩን ቀይርልኝ።» ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው የት እንደደረሰ ሁሉም ያውቃል። በግምት ተገዝቶ የሚመለስ ፕሮሰሰር ደግሞ የለም። ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች እነሆ።

«ጌሙ ከተንቀራፈፈ ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ ነው»

ፕሮሰሰሩ ሊጥ አቅራቢ፣ ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ ጋጋሪ ነው ብላችሁ አስቡ። ማን የት እንደቆመ፣ ጥይቱ ማንን እንደመታ የሚያሰላው ፕሮሰሰሩ ነው፤ ምስሉን የሚስለው ካርዱ። ምጣዱ ግሎ ሊጥ የሚጠብቅ ከሆነ ጥፋቱ የአቅራቢው ነው። ሊጡ ተከምሮ ምጣዱ ካልደረሰለት ግን አቅራቢውን ማባረር ምን ይጠቅማል?

ይህን ለመለየት አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ጌሙን ክፈቱና በሰከንድ ስንት ፍሬም (ነጠላ ምስል) እንደሚሰጥ መዝግቡ። ከዚያ የምስሉን መጠን ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ዝቅ አድርጉ። ፍሬሙ በደንብ ከጨመረ ተጨናንቆ የነበረው ግራፊክስ ካርዱ ነው። ንቅንቅ ካላለ ክሱ ወደ ፕሮሰሰሩ ይዞራል። ከሚመጡልኝ ማሽኖች ብዙዎቹ በዚህች ፈተና ፕሮሰሰራቸው ነጻ ይወጣል።

«ፕሮሰሰሩ የሚሠራው ከአቅሙ 40 በመቶ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ንጹሕ ነው»

ይህ ደግሞ የተቃራኒው ስሕተት ነው። ብዙ ጌሞች ከባዱን ሥራ በአንድ ዋና መስመር ላይ ይጭናሉ። ስምንት የሥራ መስመር ባለው ፕሮሰሰር ላይ አንዱ ብቻ ጢም ብሎ ቢሞላ ጠቅላላው ቁጥር የሚያሳየው 12.5 በመቶ ነው። ሰባቱ ቁጭ ብለው አንዱ ሲያጣጥር አማካዩ «ሰላም ነው» ይላል። የዊንዶውሱ ታስክ ማናጀር ላይ እያንዳንዱን መስመር ለየብቻ አውጥታችሁ ተመልከቱ።

«አይ 7 ምንጊዜም ከአይ 5 ይበልጣል»

በዚህ ጉዳይ ያልተከራከርሁት ደንበኛ የለም ማለት ይቻላል። ሻጩ «አይ 7 ነው» ብሎ ዝም ሲል «ቶዮታ ነው» ብሎ የተሠራበትን ዓመት እንደሚደብቅ ደላላ ነው የምቆጥረው። የኢንቴሉ ኮር አይ 7-7700 በአውሮፓውያን 2017 የወጣ፣ አራት ኮር (ውስጡ ያለ የስሌት ሠራተኛ) ያለው ፕሮሰሰር ነው። በ2022 የወጣው ኮር አይ 5-12400 ስድስት ኮር አለው። በዚያው ዓመት የወጣው፣ «ታናሹ» ኮር አይ 3-12100 እንኳ አራት ኮር ይዞ ያንን አይ 7-7700 በጌም ይቀድመዋል። ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር መጀመሪያ ትውልዱን ይነግራል፦ 7700 ሰባተኛ፣ 12400 አሥራ ሁለተኛ ነው። መጀመሪያ እሱን አንብቡ፤ አይ 5 እና አይ 7 የሚነጻጸሩት ትውልዳቸው አንድ ሲሆን ነው።

«ፕሮሰሰሩን ብቻ ቀይሬ እገላገላለሁ»

አንዳንዴ እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን አይደለም። የኢንቴል 6ኛና 7ኛ ትውልድ ማዘርቦርድ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋና ሰሌዳ) 8ኛና 9ኛ ትውልድን አይቀበልም፤ የሚያናድደው የሁሉም ሶኬት (ፕሮሰሰሩ የሚሰካበት ቦታ) ስም 1151 መሆኑ ነው። ከ12ኛው እስከ 14ኛው ትውልድ ያሉት ደግሞ ሶኬት 1700 ይፈልጋሉ። ስለዚህ የ7700 ባለቤት ፕሮሰሰር እለውጣለሁ ሲል ማዘርቦርድም እየገዛ መሆኑን ይወቅ። ዲዲአር 4 የሚባለውን የራም (የጊዜያዊ ማስታወሻ) ዓይነት የሚቀበል የ1700 ማዘርቦርድ ከመረጠ ቢያንስ ዲዲአር 4 ራሙን ይዞ ይሻገራል።

በዚህ በኩል የኢንቴልን ተፎካካሪ፣ ራይዘን የሚባሉትን ፕሮሰሰሮች የሚሠራውን ኤኤምዲን ሳላመሰግን አላልፍም። ኤኤም 4 ሶኬት ላይ ከመጀመሪያዎቹ ራይዘኖች በአንዱ የጀመረ ሰው፣ ማዘርቦርዱ የሚያስፈልገው የባዮስ (ማሽኑን የሚያስነሣው፣ ማዘርቦርዱ ላይ የተጻፈው ፕሮግራም) ማሻሻያ ከወጣለት፣ እስከ ራይዘን 5 5600 ወይም በጌም ስሙ እስከገነነው ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ ድረስ ማዘርቦርዱንም ራሙንም ሳይቀይር መውጣት ይችላል። በ2022 የመጣው ኤኤም 5 ግን የሚቀበለው ዲዲአር 5 ራም ብቻ ነው።

ባዮስ ካነሳን አይቀር፦ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚያቆይ ባትሪ) ሳይኖር ባዮስ አትንኩ። አንድ ጊዜ «ሦስት ደቂቃ ነው» ብዬ ጀመርሁና በሁለተኛው ደቂቃ መብራት ጠፋ። ማዘርቦርዱ አልነሣም አለ። ቺፑን ነቅዬ በሌላ መሣሪያ እንደገና ጽፌ እስካነቃው ድረስ ሦስት ቀን የደንበኛዬን ስልክ በፍርሃት ነበር የማነሣው።

ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ማሽን ላይ ጌም ለምትጫወቱ ደግሞ አንድ ቃል፦ የብዙዎቹ ማዘርቦርድና ፓወር ሰፕላይ ለዚያ ሳጥን ብቻ የተሠራ ነው። ከገበያ የመጣ ማዘርቦርድ እዚያ ውስጥ አይቀመጥም።

«ድሮ ፈጣን ነበር፤ አሁን ፕሮሰሰሩ አርጅቷል»

ፕሮሰሰር እንደ ጫማ አያልቅም። ሲሞቅ ግን፣ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ፣ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ የክፍሉ ሙቀት እኩል ቢሆን፣ አንድ ፋን እዚህ የሚያወጣው ሙቀት ጅቡቲ ላይ ከሚያወጣው ያነሰ ነው። በዚያ ላይ የግንባታው አቧራ አለ። ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ መንገዱ ሲቆፈርና ሲታደስ በከረመበት ጊዜ የከፈትሁት ማሽን ሁሉ ውስጡ ግራጫ ለብሶ ነበር። ፋኑን ማጽዳትና በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የደረቀውን ፔስት መለወጥ ከአዲስ ፕሮሰሰር ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ራሙንም እዩት። አንድ ባለ 16 ጊጋ ብቻውን ከሚቆም ሁለት ባለ 8 ጊጋ ጎን ለጎን ቢሰኩ ይሻላል። 3200 ተብሎ የተገዛ ራም ብዙ ጊዜ ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚባለው፣ ራሙን በተገዛበት ፍጥነት የሚያሠራው ምርጫ ካልበራ 2133 ወይም 2400 ላይ እያዘገመ ይኖራል። ባለቤቱ ዓመት ሙሉ ሳያውቅ የኖረበትም ገጥሞኛል።

«60 ኸርዝ ሞኒተር ላይም ፍሬም በጨመረ ቁጥር ጥሩ ነው»

ሞኒተሩ በሰከንድ የሚያሳየው 60 ምስል ነው። ማሽኑ ከ90 ፍሬም ሳይወርድ እየሰጣችሁ ከሆነ፣ ወደ 140 ለመውጣት የምታወጡት ገንዘብ መጀመሪያ ወደ ሞኒተሩ ይሂድ።

«አዲስ ፕሮሰሰር ፒንጌን ያስተካክልልኛል»

አያስተካክልም። የጌሙ ሰርቨር ባሕር ማዶ ነው፤ ፒንግ ማለት መልእክቱ እዚያ ሄዶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው፤ እሱን ደግሞ ቤት ያለው ፕሮሰሰር አያሳጥረውም። ባለፈው ከአራት ኪሎ የመጣ ልጅ ገንዘቡን ቆጥሮ ይዞ «ጋሼ፣ ልተኩስ ስል ሰውየው ሌላ ቦታ ይገኛል» አለኝ። ፍሬሙ አልወረደም፣ ፕሮሰሰሩም አልሞቀም። ዋይፋዩ የት ነው ብዬ ስጠይቀው «ሳሎን»፣ ኮምፒውተሩስ ስለው «በሦስት ግድግዳ ማዶ ያለች ክፍል» አለኝ። 15 ሜትር የኔትወርክ ገመድ ገዝቶ ሄደ።