ቴሌማቲክስ ምንድን ነው? ስልኩ ከመኪናው ጋር አይነጋገርም

«አፑን አውርድ፣ ከመኪናው ጋር አገናኘው፣ በቃ፤ አዲስ አበባ ተቀምጠህ ጅማ ያቆምከውን መኪና ትከፍታለህ።» የኤሌክትሪክ መኪና በሚሻሻጥበት ሁሉ የማይጠፋ አባባል ነው። አፑ እምቢ ሲል ደግሞ ጥፋቱ ስልኩ ላይ ይወድቃል፦ ስልክ ቀይር፣ ቪፒኤን ጫን፣ አፑን አጥፍተህ መልሰህ አውርድ። ይህ ሁሉ ድካም የሚመጣው ስልኩና መኪናው በቀጥታ የሚነጋገሩ ስለሚመስል ነው። አይነጋገሩም።

ቴሌማቲክስ መኪናው በራሱ ሲም ከአምራቹ ሰርቨር (ከማዕከላዊ ኮምፒውተሩ) ጋር የሚያደርገው የመረጃ ልውውጥ ነው። ስልኩም በበኩሉ የሚያናግረው ሰርቨሩን ነው።

ጅማ ላይ የቡና መጋዘን ያለው፣ እሱ ግን አዲስ አበባ የሚኖር ነጋዴ እናስብ። የዘበኛውን ስልክ ቁጥር አያውቅም፤ የሚደውለው ለቢሮው ነው። ቢሮው ደዋዩ ማን እንደሆነ ያጣራል፣ ዘበኛውን ይቀሰቅሳል፤ ዘበኛው በሩን ይከፍትና «ተከፍቷል» ብሎ ለቢሮው ይመልሳል። ቢሮው ሰርቨሩ ነው፤ ዘበኛው ደግሞ ቲ-ቦክስ የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ ከዳሽቦርዱ ጀርባ የሚቀመጥ ትንሽ ሣጥን ነው። ሲሙ ብዙውን ጊዜ ከሣጥኑ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ጋር የተበየደ ቺፕ ስለሆነ አውጥቶ መቀየር አይቻልም።

«ክፈት» ሲነካ ትእዛዙ ወደ ሰርቨሩ ይሄዳል። ሰርቨሩ አካውንቱንና ባለ 17 ፊደልና ቁጥሩን የሻንሲ ቁጥር ያመሳክራል። መኪናው ተኝቶ ከሆነ መቀስቀሻ መልእክት ይልካል። ቲ-ቦክሱ ነቅቶ ትእዛዙን በመኪናው የውስጥ መስመር ለበሩ ተቆጣጣሪ ያደርሳል፣ ውጤቱም በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ይህ ጥቂት ሰከንድ፣ አንዳንዴም ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል። አፑ «አልተሳካም» ቢልም በሩ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል፤ የጠፋው መልሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ደጋግሞ ከመንካት በፊት አፑ ላይ «መጨረሻ የታደሰው» የሚለውን ሰዓት ማየት ይሻላል። 60 በመቶ የሚለው ቻርጅ የትናንት ማታው ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ለቻይና ገበያ ተሠርቶ ጅማ የገባ መኪና ዘበኛ አለው፣ ዘበኛውም ስልክ አለው፣ ሲሙ ግን የቻይና ነው። አገልግሎቱን ለማስጀመር እዚያ በባለቤቱ መታወቂያ መመዝገብ ይጠይቃል፤ ሲሙ እዚህ ኔትወርክ ላይ እንዲሠራም ውል ያስፈልጋል። ነጋዴው የቱንም ያህል ውድ ስልክ ቢገዛ ዘበኛው ጥሪውን አይሰማም። ቪፒኤን የሚረዳው ነጋዴው ቢሮውን እንዲያገኝ ነው፤ ከቢሮው እስከ ዘበኛው ያለውን መንገድ አይነካውም። «መኪናውን ከስልኬ ሆትስፖት ጋር አገናኝቼዋለሁ» የሚልም አለ፤ በብዙ መኪኖች ላይ ያ ኢንተርኔት ለስክሪኑ ነው የሚደርሰው፣ ቲ-ቦክሱ በራሱ ሲም ብቻ ነው የሚሠራው።

ዘበኛው ይራባልም። ቀለቡ መኪናውን ከሚያንቀሳቅሰው ትልቁ ባትሪ ሳይሆን ከትንሹ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው። መኪናው ለብዙ ቀን ከቆመ ባትሪውን ለመቆጠብ ቲ-ቦክሱ ጥልቅ እንቅልፍ ይገባል፤ በቁልፍ እስኪከፈት ድረስ አፑ አያገኘውም። አፑን በየሰዓቱ መክፈትም መኪናውን እየቀሰቀሰ ያንኑ ባትሪ ያደክማል። የሊድ አሲድ ባትሪ ሙሉ ሲሆን በመልቲሜትር 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ከ12 በታች ከወረደ መጀመሪያ እሱን ቻርጅ ማድረግ፣ ከዚያ ስለ አፑ ማውራት።

ብሉቱዝ ቁልፍ ሌላ ነገር ነው። እዚያ ስልኩ መኪናውን በቀጥታ ያናግራል፣ ግን አጠገቡ ሲቆም ብቻ። ሻጭ መኪናው ጎን ቆሞ በስልኩ ሲከፍት ያሳየው ይህንን ሊሆን ይችላል።

«ሳተላይቱ መኪናውን ያጠፋዋል» ለሚለውም መልስ ያስፈልጋል። የጂፒኤስ ሳተላይት 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ ሰዓትና ቦታውን ያሰራጫል እንጂ ከመኪናው ምንም አይቀበልም፣ ትእዛዝም አይሰጥም። የጭነት መኪና ላይ «ጂፒኤስ» ተብሎ የሚገጠመው መከታተያ ቦታውን ከሳተላይት ይሰማል፤ የሚያወራው በሲም ነው። ጊቤ በረሃ ላይ ኔትወርክ ከጠፋ ነጥቦቹን አጠራቅሞ ኔትወርክ ሲያገኝ ይልካል፤ ካርታው ላይ አይሱዙው አንድ ቦታ የቆመ መስሎ ድንገት የሚዘለው ለዚህ ነው። ሞተር የሚያጠፋው ደግሞ ገጣሚው ያሰረው ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ነው። እባካችሁ ሪሌውን እየሄደ ያለ መኪና ነዳጅ እንዲቆርጥ አድርጋችሁ አትሰሩት። ቡና የጫነ መኪና ጊቤ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ቢጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም አጋዥ ያጣል። የማስነሻውን መስመር ቢቆርጥ የቆመው መኪና አይነሳም፣ የሚሄደው ግን በሰላም ይደርሳል።

ቢሮው ደዋዩን ካላጣራ ምን እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በ2016 ታይቷል። ሊፍ የተባለው የኒሳን የኤሌክትሪክ መኪና ሰርቨር የሻንሲ ቁጥሩን ብቻ ይቀበል ስለነበር ቁጥሩን ያወቀ ሁሉ የሰው መኪና ማቀዝቀዣ ማብራት ይችል ነበር፤ ኩባንያው አፑን ለጊዜው ዘጋው። ያገለገለ መኪና የሚገዛም የቀድሞው ባለቤት አካውንት መሰረዙን ያረጋግጥ፤ አለዚያ ቢሮው አሁንም እሱን ነው የሚያውቀው።

ከመክፈል በፊት የስልኩን ብሉቱዝና ዋይፋይ አጥፍቶ፣ በሞባይል ዳታ ብቻ፣ ከመኪናው መቶ ሜትር ርቆ አፑ ላይ «ቆልፍ» የሚለውን መንካት ነው። መብራቱ ብልጭ ካለና የታደሰበት ሰዓት ከተቀየረ ዘበኛው ሰምቷል።