የናታኒያ ገደል በጸደይ፦ የምንሰማውና እውነታው

ናታኒያ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን የሚኖሩባት የእስራኤል ከተማ ናት። ምዕራቧ ከሜዲትራኒያን ባሕር በላይ የቆመ ገደል ነው። አብዛኞቻችን ወደዚያ የምንወርደው በበጋ፣ ለዋና ነው። ጸደዩ ያመልጠናል፤ ስለ እሱ የምንሰማውም ግማሹ ልክ አይደለም።

«አበባ ለማየት መጀመሪያ ዝናቡ ያብቃ።» አገር ቤት ይህ ይሠራል፤ ክረምቱ ወጥቶ ነው መስከረም ላይ አደይ የምትፈነዳው። እዚህ ግን የሚዘንበው በብርዱ ወራት ነው፤ አበባውም ማብቂያውን አይጠብቅም። ብዙው ከጃንዋሪ መጨረሻ ጀምሮ በዝናቡ መሀል ይፈካል። ለፋሲካ ዕረፍት ልጆቹን ይዞ የሚመጣ ሰው ዋናውን አበባ፣ አይሪሱን፣ አያገኘውም። ፌብሩዋሪ ላይ ዝናቡ ጋብ ብሎ ፀሐይ ስትወጣ ሂዱ።

«ያ ጥቁር አበባ የደረቀ ነው።» አልደረቀም! ከከተማው በስተደቡብ ባለው ጥብቅ የተፈጥሮ ሥፍራ የሚያብበው አይሪስ ቀለሙ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሐምራዊ ነው። በዓለም ላይ ያለው በእስራኤል የባሕር ዳርቻ ሜዳ ብቻ ነው። ንብ የሚመጣበትም ማር የሚሠራበትን ጣፋጭ ፈሳሽ ፍለጋ አይደለም፤ ለንቦቹ የሚሰጠው እንዲህ ያለ ፈሳሽ የለውም። የሚሰጠው ማደሪያ ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ ወንድ ንቦች ሲመሽ አበባው ውስጥ ገብተው ያድራሉ። ጠዋት ፀሐይ ስትመታው ጠቆር ያለው አበባ ቶሎ ይሞቃል፤ ንቡም ሞቆት በጊዜ ይወጣል። ማደሪያ ፍለጋ ከአበባ አበባ ሲል ብናኙን ያዳርሳል። እኔ ከገደሉ ሁሉ ይህን የሚያህል የሚደንቀኝ ነገር የለም።

ስለዚህ «አንድ ብቀጥፍ ምን ይጎዳል?» ለሚል መልሱ ግልጽ ነው። የንብ ቤትና የዘሩን ተስፋ አብረህ ትወስዳለህ። በሕግም የተከለከለ ነው።

«አረንጓዴ ሁሉ ጥሩ ነው።» ማርች ላይ በወርቃማ ቢጫ አበባ የሚሸፈነው እሾህ አልባ ግራር ያምራል፤ ግን የመጣው ከአውስትራሊያ ነው። የተተከለው አሸዋውን እንዲይዝ ነበር። አሁን የአገሬውን ተክል እየሸፈነ ይስፋፋል። ዘሩ አፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆያል፤ እሳት ሲነካው ደግሞ ይብሳል፣ ይበቅላል። ስለዚህ ቆርጦ ወይም አቃጥሎ መገላገል አይቻልም።

«ሽመላ ባሕሩን አቋርጦ አውሮፓ ይገባል።» ሽመላ የሚንሳፈፈው ከምድር በሚነሳ ሙቅ አየር ነው፤ ይህ አየር ባሕር ላይ ደካማ ነው። ስለዚህ አፍሪካ የከረመው ሽመላ በሲና፣ በእስራኤልና በቱርክ ዞሮ ያልፋል። ማርች ላይ ገደሉ ላይ ከቆማችሁ ጀርባችሁን ለባሕሩ ሰጥታችሁ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ።

«ጸደይ ለስላሳ ነው፤ የሚያቃጥለው በጋው ነው።» በባሕሩ ዳር ከባዱ የሙቀት ቀን ብዙ ጊዜ የሚመጣው በኤፕሪልና በሜይ ነው። በበጋ የባሕሩ ነፋስ ያበርዳል። በሻራቭ ቀን ግን ደረቅ የበረሃ አየር ይነፍስና የባሕሩን ነፋስ ይገፋዋል። ቴል አቪቭ 46.5 ዲግሪ የተመዘገበው በሜይ 1916 እ.ኤ.አ. ነበር። ሻራቭ ከተባለ ሽማግሌና ሕፃን ይዛችሁ አትውጡ።

«ገደሉ ድንጋይ ነው፣ አይናድም።» ይህኛው ስህተት ሰው ይገድላል። ኩርካር የሚባለው ይህ ድንጋይ በኖራ የተጣበቀ አሸዋ ነው። ማዕበሉ ከሥር ይበላዋል፤ ዝናቡ ከላይ ያርሰዋል። ጸደይ ላይ ደግሞ የክረምቱን ጉዳት ሁሉ ይዞ ነው የሚቆመው። ለፎቶ ብላችሁ አጥሩን አትለፉ። ከታች አሸዋው ላይ ስትቀመጡም ከግድግዳው ራቅ በሉ።