የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የዞረው የት ላይ ነው?

የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት የቀየረው ውጊያ የቱ ነው ሲባል ብዙ ሰው ጌቲስበርግ ይላል። አልተሳሳተም። ግን ከጌቲስበርግ ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ ጥይት ሳይተኮስ የሆነ ነገር አለ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ነገሩ መዞር የጀመረው እዚያ ጋ ነው። (ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1860 አሜሪካ ውስጥ 4 ሚሊዮን ገደማ ሰው በባርነት ይኖር ነበር። ባርነት ወደ አዳዲስ ግዛቶች አይስፋፋ የሚለው አብርሃም ሊንከን በዚያው ዓመት ሲመረጥ ሳውዝ ካሮላይና ተገነጠለች። ሌሎች 10 የደቡብ ግዛቶች ተከተሏት። ኤፕሪል 12 ቀን 1861 ደቡቦቹ ቻርልስተን ወደብ ላይ ያለውን ፎርት ሰምተር በመድፍ ደበደቡት፤ ጦርነቱ ተጀመረ።

ሊንከን መጀመሪያ ላይ የምዋጋው ለአገር አንድነት ነው ይል ነበር። ባርነትን ሳይተዉ ከእሱ ጋር የቆሙ አራት ግዛቶች ስለነበሩ እነሱን ማስቀየም አልፈለገም።

ሜይ 23 ቀን 1861 ማታ ፍራንክ ቤከር፣ ጀምስ ታውንሰንድና ሼፐርድ ማሎሪ የሚባሉ ሦስት ሰዎች በጀልባ አምልጠው ቨርጂኒያ ውስጥ ሰሜኖቹ ወደያዙት ፎርት ሞንሮ ገቡ። ለደቡቡ ጦር ምሽግ እንዲሠሩ የተላኩ ባሮች ነበሩ። በማግስቱ አንድ የደቡብ መኮንን ነጭ ባንዲራ ይዞ መጣና ይመለሱልን አለ። ያመለጠ ባሪያ ለጌታው ይመለስ የሚል የፌዴራል ሕግም በእርግጥ ነበር። የምሽጉ አዛዥ ጄኔራል ቤንጃሚን በትለር ግን ሙያው ጥብቅና ነው። ሌላ አገር ሆነናል ካላችሁ በእኛ ሕግ መጠየቅ አትችሉም፤ ንብረታችን ናቸው ካላችሁ ደግሞ ለጦርነት የዋለ የጠላት ንብረት ይወረሳል ብሎ በገዛ ክርክራቸው ረታቸው።

ሰውን እንደ ዕቃ ቆጥሮ ማዳን ደስ አይልም። ግን ሠራ። ወሬው ሲሰማ ሰው ልጆቹን ይዞ ወደ ምሽጉ ይጎርፍ ጀመር። ኦገስት ላይ ኮንግረስም ይህንኑ ሐሳብ ሕግ አደረገው። አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ ሜይ 13 ቀን 1862 ንጋት ላይ፣ ሮበርት ስሞልስ የተባለ በባርነት ያለ መርከበኛ ነጮቹ መኮንኖች የብስ ላይ ባደሩበት ፕላንተር የተባለችውን የደቡቦች መርከብ አስነሳ። ቤተሰቡን ጫነ። የካፒቴኑን የሰሌን ባርኔጣ ደፍቶ፣ ትክክለኛውን ፊሽካ እየነፋ፣ በፎርት ሰምተር መድፎች ሥር አለፈና መርከቧን ለሰሜኖቹ አስረከበ። በኋላ የኮንግረስ አባል ሆኗል።

ሴፕቴምበር 1862 የደቡቡ ጄኔራል ሮበርት ሊ ሜሪላንድ ገባ። የሰሜን ወታደሮች ሜዳ ላይ የወደቀ ፖስታ አገኙ። ሲያዩት በሦስት ሲጋር ላይ የተጠቀለለ ወረቀት ነው፤ የሊ የዘመቻ ትእዛዝ! ሴፕቴምበር 17 አንቲተም ወንዝ አጠገብ በአንድ ቀን ብቻ 23 ሺህ ገደማ ሰው ሞተ፣ ቆሰለ ወይም ጠፋ። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚኖር ሐበሻ ቦታው የአንድ ቅዳሜ መንገድ ነው። ሜዳው ዛሬ ጸጥ ያለ የእርሻ አገር ነው።

የሰሜኖቹ ድል ሙሉ አልነበረም። ሊ ግን ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ለሊንከን ይህ በቂ ነበር። በአምስተኛው ቀን የነጻነት አዋጁን አስታወቀ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 ፈረመው። አዋጁ የሚመለከተው ያመፁትን አካባቢዎች ብቻ ነው፤ እነዚያን አራት ግዛቶች አይነካም። ያም ሆኖ እንግሊዝና ፈረንሳይ ደቡቡን እንደ አገር እንዳይቀበሉ አከበደባቸው፤ ጥቁሮችም በወታደርነት እንዲመዘገቡ በሩን ከፈተ። 180 ሺህ ገደማ ዘመቱ። ነጩ ወታደር በወር 13 ዶላር ሲከፈለው እነሱ 10 ዶላር፣ ከዚያም ላይ 3 ዶላር ለልብስ ይቆረጥ ነበር። የማሳቹሴትስ 54ኛ ክፍለ ጦር እኩል ካልሆነ አንቀበልም ብሎ ያለ ደመወዝ ተዋጋ። ኮንግረስ ያስተካከለው በጁን 1864 ነው።

ጌቲስበርግ ከጁላይ 1 እስከ 3 ቀን 1863 ነው፤ ከሁለቱም ወገን 50 ሺህ ያህል ሰው ሞቷል፣ ቆስሏል ወይም ጠፍቷል። በማግስቱ ደግሞ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ያለችው የደቡቦች ከተማ ቪክስበርግ እጇን ሰጠች። የሰሜኑ ጄኔራል ዩሊሰስ ግራንት 47 ቀን ከቧት ነዋሪው ኮረብታ ፈልፍሎ ዋሻ ውስጥ ይኖር፣ የበቅሎ ሥጋ ይበላ ነበር። የሚሲሲፒ ወንዝ በሰሜኖቹ እጅ ገባና ደቡቡ ለሁለት ተሰነጠቀ። ለእኔ ከጌቲስበርግ ይልቅ ይቺ ትበልጣለች።

ይህም ሆኖ በ1864 ሰሜኑ ታክቶት ነበር። ሊንከን ኦገስት 23 ምርጫውን ሳልሸነፍ አልቀርም የሚል ማስታወሻ ጽፎ፣ አጥፎ፣ ሚኒስትሮቹን ሳያነቡት አስፈረማቸው። ሴፕቴምበር 2 የደቡቧ ከተማ አትላንታ በሰሜኑ ጄኔራል ሸርማን ጦር ተያዘች። ኖቬምበር ላይ ሊንከን ምርጫውን በሰፊ ልዩነት አሸነፈ።

ሊ ኤፕሪል 9 ቀን 1865 አፖማቶክስ ላይ እጁን ሰጠ። ሊንከን በአምስተኛው ቀን በጥይት ተመታ። የቴክሳስ ባሮች ነጻ መሆናቸው ጋልቨስተን ላይ የታወጀው ጁን 19 ነው፤ ዛሬ ጁንቲንዝ ተብሎ ሥራ የሚዘጋበት ቀን። ኬንታኪና ዴላዌር ውስጥ ግን ከዚያም በኋላ ባሪያ መያዝ ሕጋዊ ነበር። ሁለቱም ከሊንከን ጎን የቆሙ ግዛቶች ናቸው። እዚያ የቀሩት ነጻ የወጡት ባርነትን የከለከለው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ዲሴምበር 1865 ሲጸድቅ ነው።