የአውስትራሊያ ፉትቦል አማካዮችን በቁጥር ማወዳደር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአውስትራሊያ ፉትቦል፣ አገሬው ፉቲ በሚለው ጨዋታ፣ የመሀል ሜዳ ተጫዋቾች ክርክር የሚጀምረው ከዲስፖዛል ነው። ዲስፖዛል ማለት ተጫዋቹ ኳሷን በእግሩ የመታበትና በቡጢ ገፍቶ ያቀበለበት ብዛት ድምር ነው። ጠቃሚ ቁጥር ነው፤ ብቻውን ሲቀርብ ግን ብዙ ታታሪ ተጫዋች ይበደልበታል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ዲስፖዛሉ የበዛ አማካይ ይበልጣል።

እውነታው፦ የሃውቶርን ክለቡ ቶም ሚቸል እ.ኤ.አ. በ2018 የመክፈቻ ሳምንት በኮሊንግዉድ ክለብ ላይ 54 ዲስፖዛል አስመዝግቦ፣ ግሬግ ዊሊያምስ በ1989 የያዘውን የ53 ክብረ ወሰን ሰበረ። ትልቅ ሥራ ነው። ቁጥሩ የሚነግረን ግን ኳሷ ስንት ጊዜ በእሱ በኩል እንዳለፈች እንጂ የት እንደደረሰች አይደለም።

አንድ አጋጣሚ ቀረብ ብለን እንይ። ዳኛው ኳሷን መሀል ሜዳ ላይ ወደ ላይ ይለቃል፤ ረጃጅሞቹ ዘለው ይሻሟታል። በዚያ ቅጽበት መሀል ሜዳ ላይ በተሰመረው ካሬ ውስጥ ከየቡድኑ 4 ተጫዋች ብቻ ነው ያለው። አንዱ ከመሬት ያነሳትና ወገቡን ተይዞ እየወደቀ 2 ሜትር ወደ ኋላ ለጓደኛው ያቀብላታል። ጓደኛው ማንም ሳይነካው ሮጦ 50 ሜትር ወደ ፊት ይመታታል። ሁለቱም አንድ አንድ ዲስፖዛል ተጻፈላቸው። ክሊራንሱ፣ ማለትም ኳሷን ከግርግሩ የማውጣቱ ምስጋና፣ እንዲሁም ወደ ፊት የተጓዘችው ሜትር ለሁለተኛው ሄደ። የመጀመሪያው ተጫዋች ድካም የሚታየው በፉክክር የተገኘ ኳስ በሚለው ዓምድ ብቻ ነው። እኔ ከሁሉም በፊት የማየው ይህን ዓምድ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ የማቀበል ስኬቱ በመቶኛ ከፍ ያለው ኳስ አያባክንም።

እውነታው፦ ከ40 ሜትር በታች የሆነ ምት የታለመለትን ሰው ካላገኘ ስኬታማ አይባልም። ረጅም ምት ግን እኩል ለእኩል የሚሻሙበት ቦታ ላይ ቢያርፍም ይቆጠራል። ከኋላ ሆኖ በነፃነት ለጎን ጓደኛው የሚያቀብል ተከላካይ መቶኛው ያምራል፤ ሦስት ሰው ተጠምጥሞበት የሚመታው አማካይ መቶኛው ዝቅ ይላል። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ግፍ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ የአንዱን ዓመት ቁጥር ከሌላው ጋር እንዳለ ማወዳደር ይቻላል።

እውነታው፦ በ2020 በኮቪድ ምክንያት እያንዳንዱ የጨዋታ ሩብ ከ20 ወደ 16 ደቂቃ አጠረ። የዚያ ዓመት 25 ዲስፖዛል በተለመደው ጊዜ ቢሰላ ወደ 31 ይጠጋል። ተጫዋቹ ስንት ደቂቃ ሜዳ ላይ እንደቆየ ሳይታወቅ ምንም ንጽጽር አይቆምም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ የብራውንሎው ሜዳሊያ፣ ማለትም የሊጉ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት፣ ድምፅ የብቃት መለኪያ ነው።

እውነታው፦ ድምፁን የሚሰጡት የሜዳ ዳኞች ናቸው፦ በየጨዋታው 3፣ 2 እና 1፤ ለሁለቱም ቡድን በድምሩ 6 ብቻ። የካርልተኑ ፓትሪክ ክሪፕስ በ2024 45 ድምፅ አግኝቶ፣ ደስቲን ማርቲን በ2017 እና ኦሊ ዋይንስ በ2021 የያዙትን የ36 ክብረ ወሰን በሰፊ ልዩነት አሻሻለ። ሆኖም ሁለት ሦስት ድንቅ አማካዮች ባሉበት ቡድን ድምፁ ይከፋፈላል፤ ያነሰ ማግኘት ያነሰ መጫወት አይደለም።

የፋንታሲ፣ ማለትም ተመልካቾች የራሳቸውን ምናባዊ ቡድን መርጠው የሚወዳደሩበት ጨዋታ፣ ነጥብም መለኪያ አይሆንም። እዚያ የእግር ምት 3፣ የቡጢ ቅብብል 2 ነጥብ ነው፤ ወደ ኋላ የተመለሰ ምትና ለጎል ያበቃ ምት እኩል ይከፈላቸዋል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ 12 ዲስፖዛል ያለው አማካይ ደካማ ውሎ ነበረው።

እውነታው፦ ታገር የሚባለው ተጫዋች ሥራው የባላጋራውን ኮከብ እግር በእግር ተከትሎ ማፈን ነው። 30 ዲስፖዛል የለመደውን ሰው በ14 ካቆመው፣ የዕለቱ ትልቁ ሥራ የእሱ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ለማየት ግን መነበብ ያለበት የእሱ ሳይሆን የባላጋራው የቁጥር መስመር ነው።