«ሩቅ ነው፤ ምን አገባን» ለምትሉኝ

«ሩቅ ነው፤ እኛን ምን አገባን!»

ይህችን ነገር ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ጊዜ ሰማኋት። አንዴ እዚህ ደሴ፣ ፒያሳ ጸጉሬን ስስተካከል። አንዴ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ። አንዴ ደግሞ እዚሁ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ጎረቤት ቡና ላይ። ቴሌቪዥኑ የሆነ አገር ጭስ ያሳያል። ከአቦል እስከ በረካ ሁሉም የመሰለውን ይላል። ግማሹ ስህተት ነው። ከዚያ «ሩቅ ነው» ይባልና ወደ ሽንኩርት ዋጋ ይታለፋል።

ታሪክ ማስተማር ከጀመርኩ 22 ዓመት ሆነኝ። ደሴ ተወልጄ፣ ደሴ ነው የማስተምረው። ተማሪ ሲሳሳት አርማለሁ፤ ሥራዬ ነው። ትልቅ ሰው ሲሳሳት ግን በአክብሮት ዝም እል ነበር። አሁን ዝምታው በቃኝ። ትንንሾቹን ስህተቶች ቶሎ ቶሎ ላንሳና ወደ ዋናው እመጣለሁ።

«ቱኒዚያ ውስጥ ራሱን ያቃጠለው ልጅ ዲግሪ ይዞ ሥራ ያጣ ነበር።» አልነበረም። መሐመድ ቡአዚዚ ሁለተኛ ደረጃንም አልጨረሰም። በጋሪ ፍራፍሬ እየሸጠ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ወጣት ነበር። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 17 ቀን 2010 ሚዛኑን ወሰዱበት። አቤት ሊል ሄዶ የሚሰማው አጣ። ፕሬዚዳንት ቤን አሊ አገር ጥለው የወጡት ልክ ከአራት ሳምንት በኋላ ነው። ተማሪዎቼ ፈተና ላይ «ምሩቅ» ብለው ሲጽፉ ነጥብ እቀንሳለሁ። ወደ ሌሎች የአረብ አገሮች የተዛመተው ያ ሁሉ አመፅ የተነሳው ከጉሊት ነው፤ ጉሊት ደግሞ እኛም ሰፈር አለ።

«መሪው ከወረደ ነገሩ አለቀ።» ሱዳንን እዩ። ፕሬዚዳንቱ አልበሽር እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2019 ወረዱ፤ ሕዝቡ ጨፈረ። ኦክቶበር 2021 መፈንቅለ መንግሥት ተደረገ። ኤፕሪል 2023 ጦሩና ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ካርቱም መሃል ተታኮሱ። ሊቢያም ጋዳፊ ከተገደሉ ከ10 ዓመት በላይ አልፎ ሁለት መንግሥት ነው ያላት። እኛስ ብንሆን? ንጉሡ ሲወርዱ «ያለ ምንም ደም» ተብሎ ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ 60 ገደማ ሰው በአንድ ሌሊት ተረሸነ።

«በዓይኔ አይቻለሁ፤ ቪዲዮ አለኝ።» የዩክሬንና የጋዛ ነው ተብሎ በየስልኩ ከዞረው የሌሊት ሚሳይል ቪዲዮ አንዳንዱ «አርማ 3» ከሚባል የኮምፒውተር ጨዋታ የተቀዳ ነው። ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ወጥተው ተናግረዋል። ከማጋራታችሁ በፊት ማን ቀረጸው፣ መቼ፣ የት ብላችሁ ጠይቁ። ለሦስቱም መልስ ከሌላችሁ አታጋሩት።

«ፍንዳታ ካለ እስላም አለበት።» ይህን ወሎ ተቀምጦ የሚናገር ሰው ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል። የእናቴ ወንድም ሐጂ ነው። አባቴ የገብርኤል ማኅበርተኛ ነበር። እንደኛ ያለ ቤት ወሎ ውስጥ ስንት ነው! እ.ኤ.አ. በ1995 ኦክላሆማ ከተማ 168 ሰው ሲያልቅ መጀመሪያ ጣት የተቀሰረው ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ነበር። ያደረገው ግን የአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገለ አሜሪካዊ ነው። በ2011 ኖርዌይ ውስጥ 77 ሰው የፈጀው ብሬይቪክ እስልምናን የሚጠላ ኖርዌያዊ ነው። በ1991 የቀድሞውን የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ራጂቭ ጋንዲን ራሷን አፈንድታ የገደለችው ሴት የታሚል ነብሮች የሚባለው የስሪላንካ ድርጅት አባል ነበረች፤ ድርጅቱ ይዋጋ የነበረው ለሃይማኖት ሳይሆን ለመገንጠል ነው።

በእስልምና ስም የሚገድል የለም አልልም። አልሸባብ እዚሁ ጎረቤታችን ነው። ግን የሚያልቀው ማን ነው? ሞቃዲሾ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2017 በአንድ ጭነት መኪና ቦምብ ከ580 በላይ ሰው ሞተ፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙስሊም ነበሩ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ኬንያ ውስጥ ታጣቂዎች ወደ ማንዴራ የሚሄድ አውቶቡስ አስቆሙ። ሙስሊም በዚህ፣ ክርስቲያን በዚያ ሁኑ አሏቸው። ሙስሊሞቹ ተሳፋሪዎች አንለያይም አሉ። ከገደላችሁም ሁላችንንም ግደሉ አሏቸው። ሴቶቹ ሂጃባቸውን ለክርስቲያኖቹ እያካፈሉ ሸፈኗቸው። ሳላህ ፋራህ የሚባል መምህር እዚያ ላይ በጥይት ተመትቶ በሚቀጥለው ወር ሞተ። ይህን ክፍል ውስጥ ሳወራ ተማሪዎቼ ብዙም አይደነቁም። «እና ምን ሊያደርጉ ኖሯል ቲቸር?» አለችኝ አንዷ።

አሁን ወደ ዋናው።

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። በኤንትሬ ከአሰብ ኮምቦልቻ ዕቃ ያመላልስ ነበር። ስለ 1966 ሲያወራ ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚያነሳው። አንዱ ረሃቡ ነው። ከቆላው የወጣ ሕዝብ አስፋልት ዳር ቆሞ መኪና ይለምን ነበር፤ ይህን ሲናገር ድምፁ ይቀየራል። ሌላው ነዳጅ ነው። በድንገት ተወደደ። «ነጋዴው ነው የደበቀው» ይል ነበር። እስኪሞት ድረስ እንደዚያ አምኖ ነው የኖረው።

ነገሩ ሌላ ነበር። መስከረም 26 ቀን 1966 ግብጽና ሶርያ እስራኤልን አጠቁ። የአረብ ነዳጅ አምራቾች የእስራኤልን ደጋፊዎች ነዳጅ ከለከሉ። 3 ዶላር ገደማ የነበረው በርሜል በጥቂት ወር ውስጥ ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። የኛም መንግሥት ቤንዚን ላይ ጨመረ። የካቲት ላይ የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ። መምህራንም በራሳቸው ጥያቄ አደሙ። ወታደሩ ቀድሞም ማጉረምረም ጀምሯል። መንግሥት የደበቀው የወሎ ረሃብ ደግሞ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ወጥቶ ዓለም አይቶታል። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ወረዱ። ረሃቡን ያ ጦርነት አላመጣውም፤ ድርቁና ረሃቡን የደበቁት ሰዎች ናቸው ያከፉት። ቤንዚኑን ግን ጦርነቱ ነው ያስወደደው። ሲናይ በረሃ ላይ የተጀመረ ጦርነት የአባቴ መኪና ድረስ መጥቷል፤ እሱ ግን የሚያወግዘው የኮምቦልቻን ነጋዴ ነበር።

ያ ድሮ ነው ትሉኝ ይሆናል። እሺ። የካቲት 2014 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር አንድ ባልደረባዬ «ነጮቹ ይባሉ፣ እኛን አይመለከትም» አለኝ። ማዳበሪያችን ከውጭ ነው የሚገባው። ዩሪያ የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ከትልልቆቹ የማዳበሪያ ላኪዎች አንዷ ሩሲያ ናት። ቀድሞም እየወጣ የነበረው ዋጋ ጣሪያ ነካ። የባለቤቴ ወንድም ቦሩ ሜዳ ገብስ ያርሳል። በዚያ ክረምት ማዳበሪያ የበተነው በማሳው ግማሽ ላይ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ጉልበቱ ላይ እንኳ ሳይደርስ ቢጫ ሆኖ ቀረ። ቆሜ አይቼዋለሁ፤ ድንበር የተሰመረለት ይመስላል።

ከዚህ ሁሉ የሚያመኝ ግን ይህ ነው። ማክሰኞ ሐምሌ 28 ቀን 2012 ነበር። አመሻሽ ላይ ጎረቤት ቡና ጠርተውን ተቀምጠናል። የቤይሩት ወደብ ሲፈነዳ የሚያሳየው ምስል መጣ። አንዱ «ሚሳይል ነው» አለ። ሌላው «አሸባሪ ነው እንጂ!» አለ። አንድ የማከብራቸው አባት ደግሞ «እነሱ መች ሰላም ያውቃሉ፤ ሩቅ ነው፣ ምን አገባን» አሉ። እህቴ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ልጇ ቤይሩት ከገባች ሦስተኛ ዓመቷ ነበር። እሳቸውም ያውቃሉ፤ ረስተውት ነው። እህቴ ስኒዋን ረከቦቱ ላይ ለማስቀመጥ ሞከረች። ሳተችው። እንደገና ሞከረች። ቡናው ቄጤማው ላይ ፈሰሰ።

ሚሳይልም አሸባሪም አልነበረም። ወደቡ መጋዘን ውስጥ ለዓመታት የተከማቸ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ነው የፈነዳው። ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። ያን ዕለት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትራምፕ እንኳ ጥቃት ሳይሆን አይቀርም ብለው ነበር። መጀመሪያ የሚወራ ወሬ እንደዚህ ነው። እህቴ ሌሊቱን በሙሉ ደወለች፤ አልገባ አላት። ንጋት ላይ አንድ መልዕክት ደረሰ፦ «እማ ደና ነኝ መስኮቱ ነው የረገፈው»።

ስለዚህ አረብ አገር ልጅ ያላችሁ፣ እባካችሁ ስሙኝ። የምትኖርበትን ከተማ ብቻ ሳይሆን ሰፈሩን በወረቀት ጻፉ። እህቴ የልጇ ቤት ከወደቡ ምን ያህል እንደሚርቅ አታውቅም ነበር። የአሠሪዋን ስልክ፣ የኮንትራቱን ኮፒ፣ የፓስፖርቷን ፎቶ ያዙ። የኤምባሲ ወይም የቆንስላ ስልክ ዛሬ ፈልጉ፤ አደጋ ሲመጣ አይደለም። ክፉ ዜና ስትሰሙ ደጋግማችሁ ከመደወል አጭር መልዕክት ላኩ። መስመር ሲጨናነቅ ጥሪ ባይገባም መልዕክት ሾልኮ ሊደርስ ይችላል። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ብቻ ይጠይቅ፤ አሥራ አምስት ሰው አንድ ስልክ ላይ አይረባረብ። «ጠፍታለች» ብላችሁ ፎቶዋን ፌስቡክ ላይ ለመለጠፍ አትቸኩሉ። የመጀመሪያውን ቀን ወሬ ለእናት አትንገሩ። በማግሥቱ የተጣራው ይሻላል።

ለወንዶቹ ልጆች ደግሞ ሌላ ወሬ አለ። ደላላ ነው የሚያወራው። «የመን ጦርነት ላይ ናት፤ ጠባቂ የለም፤ መንገዱ ቀሏል» ይላቸዋል። በባቲ፣ በሚሌ፣ በሎግያ፣ በጋላፊ አድርጎ ጅቡቲ፣ ኦቦክ ወደብ ድረስ ይወስዳቸዋል። ከዚያ ጀልባ ነው። ውሸቱን ነው። ጦርነት መንገድ አያቀልም። እ.ኤ.አ. ማርች 2021 ሰንዓ ውስጥ የስደተኞች ማቆያ በእሳት ሲጋይ በደርዘን የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ፤ ብዙዎቹ የኛ ልጆች ናቸው። የሰብዓዊ መብት ተሟጋቹ ሂውማን ራይትስ ዎች በ2023 ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከማርች 2022 እስከ ጁን 2023 በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን ገድለዋል ብሏል፤ ሳዑዲ አስተባብላለች። ኤፕሪል 2025 ደግሞ የመን ውስጥ ሰዓዳ ያለ የስደተኞች ማቆያ በአየር ድብደባ ተመታ፤ አካባቢውን የያዙት የሁቲ ታጣቂዎች 68 አፍሪካውያን ሞቱ፣ የመታችው አሜሪካ ናት ብለዋል። ይህ ሁሉ «ሩቅ ነው» ተብሎ የታለፈ ዜና ነው። ሁለት ተማሪዎቼ የደላላውን ወሬ አምነው ሄደዋል። አንዱ ጅዳ ገብቷል። የሌላው እናት መንገድ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር «መምህር፣ ዛሬ ዜና ላይ ስለ የመን ምን አሉ?» ትለኛለች።

ጥቅምት 2014 ተራው የኛ ሆነ። ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ስልክ ተቋረጠ። የእህቴ ልጅ ያኔም ቤይሩት ነበረች። በኋላ ነው የነገረችን። የአሠሪዎቿን ሳሎን እያጸዳች ሳለ የአረብኛው ዜና ኢትዮጵያ ሲል ሰማች። ቀና ስትል ካርታው ላይ ቀይ ነጥብ አለ፤ አንባቢው «ደሴ» አለ። እመቤቷ ጣቢያ ልትቀይር ሪሞቱን አነሳች። ልጅቷ መጥረጊያውን ጥላ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመች። «እናቴ እዚያ ናት» አለቻት። ሴትየዋ ሪሞቱን አስቀመጠች፤ ሁለቱም ዜናው እስኪያልቅ ቆመው አዩ።