ውድ ትል፣ ርካሽ ትል፦ ስለ ፕላስቲክ የዓሣ ማባበያ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ብርሃን ውስጥ ዘንግ ይዘው ወደ ጀማ ወንዝ የሚወርዱ የማውቃቸው ልጆች የመጀመሪያውን የፕላስቲክ ትል ያገኙት ከሱቅ ሳይሆን ከሻንጣ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ዘመድ ለጥምቀት ወይም ለሠርግ ሲመጣ፣ ከጫማውና ከሽቶው መሃል አንድ ሁለት ከረጢት ጣል ያደርጋል። እዚያ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ባስ የሚባለውን ዓሣ ያጠምዱበታል። ባስ የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ነው፤ ወደ እኛ ቀረብ ካሉት ውሃዎች የኬንያው ናይቫሻ ሐይቅ ውስጥ ይገኛል፣ እሱም ከውጭ መጥቶ የተጨመረ ነው። ጀማ ላይ የሚጠብቀን ነጭ ዓሣና አምባዛ ነው። ዕቃው ግን ያው ዕቃ ስለሆነ ክርክሩም አብሮት መጥቷል፦ ውዱ ይሻላል ወይስ ርካሹ? አሜሪካ ውስጥ ጥሩ ስም ያለው አንድ ትል ብቻውን እስከ አንድ ዶላር ሊጠጋ ይችላል፣ ርካሹ የዚያን ሲሶ ያህል ነው። ዘመድን «ይሄን አምጣልኝ» ከማለት በፊት ልዩነቱ የት ላይ እንዳለ ማወቅ ይጠቅማል።

«ውዱ የበለጠ ይይዛል»

አንዳንዴ አዎ። የሚወስነው ግን ትሉ ወደ ታች እንዴት እንደሚወርድ ነው እንጂ ከረጢቱ ላይ ያለው ስም አይደለም።

የፕላስቲክ ትል የሚሠራው ፒቪሲ የሚባለውን ፕላስቲክ ዱቄት ከሚያለሰልስ ፈሳሽ ጋር ቀላቅሎ፣ 175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ አሙቆ፣ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ በማፍሰስ ነው። እንዲሁ ከተተወ ከውሃ ብዙም ስለማይከብድ እየተንገዋለለ ነው የሚሰጥመው። ክብደት የሚሰጠው ውስጡ የሚጨመረው ደቃቅ ጨው ነው። ብዙ ሰው ጨው የሚጨመረው ለጣዕም ብቻ ይመስለዋል፤ ትልቁ ሥራው ግን ማክበድ ነው። ጋሪ ያማሞቶ የተባለው ማባበያ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያወጣው ሴንኮ የተባለ ትል ዝና ያተረፈው በዚህ ነው። ጭራ የለው፣ እግር የለው፤ ሲያዩት አንድ ዱልዱም ነገር ነው። 12 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ የሚረዝመው ወደ 10 ግራም ይመዝናል። ያለ እርሳስ፣ ማለትም ክር ላይ የሚታሰር ማስጠሚያ ክብደት ሳይኖር፣ ወርውረው ክሩን ሲለቁለት በሆዱ ተጋድሞ፣ ሁለቱ ጫፎቹ እየተንቀጠቀጡ ይወርዳል። ባስ ብዙ ጊዜ የሚነክሰው ገና ታች ሳይደርስ፣ በዚህ አወራረዱ ላይ ነው።

መንቀጥቀጡ የሚመጣው ከጨውና ከልስላሴ መመጣጠን ነው። ጨዉ ብቻ በዝቶ ፕላስቲኩ ደረቅ ከሆነ ትሉ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ልስልስ ሆኖ ጨው ካነሰው ደግሞ ለመስጠም ይዘገያል። ርካሾቹ ብዙ ጊዜ የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው። ለማየት ወንዝ መውረድ አያስፈልግም። ነጭ ባልዲ ውሃ ይሙሉ፣ ሁለቱን ትሎች መሃል ለመሃል በመንጠቆ ወግተው አንድ ላይ ይልቀቁ፣ ከላይ ሆነው ጫፋቸውን ይመልከቱ። አንዱ በሁለቱም ጫፍ ይርገፈገፋል፣ ሌላው አፍንጫውን ደፍቶ ቁልቁል ይሄዳል። ዋጋው የሄደው ለዚያች መርገፍገፍ ነው።

አሁን ደግሞ እርሳስ ይጨመርበት። ባስ አጥማጆች ቴክሳስ ሪግ የሚሉት አለ፦ ሾጣጣ እርሳስ ክሩ ላይ ይገባል፣ የመንጠቆው ጫፍ ድንጋይና ሥር እንዳይዝ ትሉ ሥጋ ውስጥ ይደበቃል። እዚህ ላይ አወራረዱን የሚያዘው እርሳሱ ነው። 10 ግራም እርሳስ እየጎተተው ሲወርድ ትሉ ጨው ኖረው አልኖረው ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጀማ ደግሞ ወራጅ ነው፤ ዝናቡ ቆሞ ውሃው ከጠራ በኋላ እንኳ ያለ እርሳስ የሚጠመድበት የተኛ ኩሬ ጥቂት ነው። ስለዚህ ወደ ለሚ ወርዶ የዓለም ከተማው መንገድ ድልድይ አካባቢ ለሚጥል ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ ርካሹ ሥራውን ይሠራል። ይህን ስል ልጆቹ ቅር ይላቸዋል፣ ውዱን ከረጢት ማሳየት ደስ ስለሚል።

«ርካሽ ቶሎ ይበጣጠሳል፣ ውድ ይበረክታል»

ለጫማ ይሠራ ይሆናል፣ ለትል ግን ተገላቢጦሽ ነው። ውዱን ውድ ያደረገው ልስላሴውና ጨዉ ራሱ ነው የሚያፈርሰው። ጨዉ ፕላስቲኩን እርስ በርሱ እንዳይያያዝ ያደርገዋል፣ ከአንድ ሁለት ዓሣ በኋላ መንጠቆው የገባበት ቦታ ተከፍቶ ትሉ ተወርውሮ ይሄዳል። ደረቅ ያለው ርካሽ ትል ግን ሲጎተትና ሲነከስ ውሎ ያው ነው።

በጣም የሚበረክተው ሌላ ዘር ነው። ዚ-ማን የተባለው የደቡብ ካሮላይና ኩባንያ ኢላዝቴክ ብሎ የሚሸጠው ፒቪሲ አይደለም፤ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፣ በጣት ሊበጥሱት ቢሞክሩ አይሆንም። ከውሃ ቀሎ ስለሚንሳፈፍም ታች ድንጋይ ላይ እርሳሱ ሲያርፍ ጭራው ወደ ላይ ይቆማል። ጀማ ላይ ትናንሽ ዓሦች ጭራ እየቆረጡ ለሚያስቸግሩት ሰው፣ ውድ መግዛት ካለበት እሱን ይግዛ እላለሁ።

ውዱን ለስላሳ ትል ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ ዕድሜውን የሚያራዝምበት መላ አለ። ትሉን መሃሉ ላይ ከመውጋት ትንሽ የጎማ ቀለበት አጥልቆ መንጠቆውን በቀለበቱ ሥር ማሳለፍ አንዱ ነው፤ የቧንቧ ሠራተኛ የሚጠቀምበት ቀጭን ጎማ ይበቃል። የተቀደደውን በሱፐር ግሉ ወይም በጋለ ቢላ ጫፍ ማጣበቅ ይቻላል፤ በቢላው ሲሆን ከቤት ውጭ ይሁን፣ ጭሱ አይረባም። ጫፉ ያለቀውን ግማሹን ቆርጦ በትንሽ ባለ እርሳስ መንጠቆ መሰካት ደግሞ የድሃ ዘዴ እንዳይመስልዎ። የካንሳሱ ኔድ ኬዲ ያስተዋወቀውና ዛሬ ኔድ ሪግ በሚል በስሙ የሚጠራው አጠማመድ ከዚሁ ከተቆረጠ ትል ነው የተስፋፋው። ለነጭ ዓሣ አፍ እኔ ከሙሉው ይልቅ ይህችን ቁራጭ እመርጣለሁ።

«ሁሉም ያው ነው፣ የሚለያየው ስሙ ብቻ ነው»

ይሄ ደግሞ የተናደደ ሰው አባባል ነው። ልዩነትማ አለ፣ ግን በእጅ የሚዳሰስ ልዩነት ነው። ጭራው የተጠማዘዘ ትል ሲገዙ ጭራውን ዘርግተው ወደ ብርሃን ያንሱት። ቅርጽ ማውጫው በደንብ ካልተገጠመ ዳር ዳሩ ላይ ስስ ሽፋን ይተርፋል፣ አንዳንዴም ጭራውን ከገላው ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። እንዲህ ያለው ትል ውሃ ውስጥ አይርገበገብም። በምላጭ ቢለዩት ይድናል፣ ብቻ ማየት ያስፈልጋል። ውስጡ የአየር አረፋ ያለበት ደግሞ ወደ አንድ ጎን እየዞረ ክሩን ያጠማዝዛል። ከአንድ ርካሽ ከረጢት ውስጥ ሦስቱ ደህና፣ አራተኛው ጎባጣ ሊሆን ይችላል። በጥሩዎቹ ከረጢቶች የመጀመሪያውና የመጨረሻው አንድ ናቸው፤ ሰው የሚከፍለው ለዚህ ነው። ሆኖም አሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ውስጥ የሚሠራው ዙም የተባለ ትል ከውዶቹ ተርታ ሳይሰለፍ ይህን ያሟላል። ዋጋና ጥራት ሁልጊዜ እጅ ለእጅ ተያይዘው አይሄዱም።

ለእኛ አገር ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ፕላስቲኩ በብርድ ይደርቃል፣ በሙቀት ይልፈሰፈሳል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፣ የጀማ ሸለቆ ወለል ከዚያ ከግማሽ ብዙ አይበልጥም። ጠዋት በብርዱ ደብረ ብርሃን ላይ ጠንከር ያለው ትል ታች ሲደርስ ይለሰልሳል፤ ጠዋት ልክ የነበረው ለስላሳ ደግሞ ከሰዓት ታች ላይ ከመንጠቆ ይንሸራተታል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ተጨብጦ «ይሄ ደረቅ ነው» የተባለው ርካሽ ትል ወንዙ ዳር ትክክለኛው ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ሰው በብርዱ ወቅት በደብረ ብርሃኑ በበሬሳ ወንዝ ሊሞክር ካሰበ ያኔ የለስላሳው ጥቅም ይታያል።

«ውዶቹ ቀለማቸው ብዙ ነው፣ ዓሣውም ቀለም ይመርጣል»

ባስ ቀለም ያያል፣ ግን እንደ እኛ አይደለም። ዓይኑ ለቀይና ለአረንጓዴ የተሠሩ ሁለት ዓይነት የቀለም ተቀባዮች ነው ያሉት። ቀይና አረንጓዴን ጥሩ አድርጎ ይለያል፤ ጥቁርን ከጥቁር ሰማያዊ፣ ነጭን ከሎሚ ቢጫ ለመለየት ግን ይቸገራል። ታዲያ ሠላሳ ዓይነት ወይን ጠጅ ከብልጭልጭ ጋር የተደረደረው ለማን ነው? ለገዢው ነው። ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ለደፈረሰ ውሃ፣ አረንጓዴ ወደ ቡናማ የሚያደላ ለጠራ ውሃ፣ በቃ። ክረምት ላይ ጀማ ቀይ አፈር ተሸክሞ ሲወርድ ግን የትኛውም ቀለም አያድንም፣ ቤት መቀመጥ ነው የሚሻለው።

«ሽታ ያለው ትል እርግጠኛ ነው»

ባስ በዋናነት በዓይኑና በጎኑ መስመር በሚሰማው የውሃ ንቅናቄ የሚያድን ዓሣ ነው። ሽታ ቢረዳ፣ አንዴ የነከሰውን ቶሎ እንዳይተፋው ነው። አምባዛ ግን ሌላ ነው፦ አራት ጥንድ የአፍ ጢሙን ይዞ በጭቃ ውስጥ እየዳሰሰና እያሸተተ ነው የሚሄደው። ለእሱ ሽታ የተቀባ ፒቪሲ ከማባከን የአፈር ትል ወይም የበሬ ጉበት ቁራጭ ይሻላል፣ ከፕላስቲኩም ይረክሳል። አንድ ቀን ድልድዩ ሥር ልጅ እግሩ ከውዱ ከረጢት እያወጣ ሲሰካ ያየ የአገሬው አዛውንት «አንተ ልጅ፣ አምባዛ ላስቲክ ይበላል እንዴ?» አሉት። «ጋሼ፣ ሽታ እኮ አለው!» ቢላቸው፣ የራሳቸውን የትል ጣሳ ገፋ አድርገውለት ዝም አሉ።

«ትልቅ ዓሣ ርካሽ አይነክስም»

ጆርጅ ፔሪ ጆርጂያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1932 ያወጣው ባስ 10 ኪሎ ከ90 ግራም ገደማ ነበር፤ እስከ ዛሬ ክብረ ወሰን ነው። ኒክ ክሬም ኦሃዮ ውስጥ የመጀመሪያውን ለገበያ የበቃ የፕላስቲክ ትል የሠራው ከ17 ዓመት በኋላ፣ በ1949 ነው። ክብረ ወሰኑን የተጋራው ጃፓናዊው ማናቡ ኩሪታ ደግሞ በ2009 በቢዋ ሐይቅ ያጠመደው በሕይወት ባለ ትንሽ ዓሣ ነው። ውድም ርካሽም ፕላስቲክ እዚህ ታሪክ ውስጥ የለም።

«ፕላስቲክ ነው፣ ምን ይሆናል»

ይሆናል እንጂ። ቀለም ከቀለም የተቀላቀለ ከረጢት በሳምንታት ውስጥ ይዛመታል፣ ጥቁሩ ነጩን ያበላሸዋል። ኢላዝቴክን ከፒቪሲ ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ ከከተቱ እርስ በርስ ቀልጠው ይጣበቃሉ፤ ውዱን ዕቃ በአንድ ቀን ጸሐይ እንዲህ ያጡ አሉ። ፋብሪካው የሰጠው ከረጢት ውስጥ፣ ቀጥ ብሎ፣ ከመኪና መስታወት ርቆ ይቀመጥ። ሻንጣ ውስጥ ታጥፎ የመጣውን ትል ለማቅናት ጀበናው ላይ የፈላ ውሃ ይበቃል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ማቅለጥን መፍራት የለብዎትም። ጥቂት ሰኮንድ ነክሮ፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አጋድሞ ማቀዝቀዝ ነው።

ያለቀውን ቁራጭ ወንዝ ውስጥ መጣል ግን ውድም ይሁን ርካሽ ነውር ነው። ለስላሳው ፕላስቲክ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ያብጣል፤ ዓሣ ውጦት ሆዱ ውስጥ እንደቋጠረ ይቀራል። አሜሪካ ውስጥ ሜይን የተባለው ግዛት እ.ኤ.አ. በ2013 ለስላሳ ማባበያዎችን ስለመከልከል ሕግ እስከማቅረብ የደረሰው በዚህ የተነሳ ነበር። ጀማ ላይ ከልካይ ስለሌለ ቁራጩ ወደ ኪስ ይግባ፤ ለማጣበቂያም፣ ለሌላ ግማሽ ትልም ይሆናል።