ኤሌክትሮን ወደ ውሃ የሚለቅ አልማዝ

አልማዝ ሁሉ ለጣት አይደለም። ቤተ ሙከራ ውስጥ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ብርሃን የሚበራበትም አለ። ብርሃኑ የሚመች ከሆነ ኤሌክትሮኖች ከአልማዙ ወጥተው ፈሳሹ ውስጥ ይገባሉ።

ሚስጥሩ ያለው ገጹ ላይ ነው። ሰው ሠራሽ አልማዝ ብዙውን ጊዜ ከሚቴንና ከብዙ ሃይድሮጅን በፕላዝማ (ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ የጋለ ጋዝ) ነው የሚያድገው። ሲያልቅ ከላይ ያሉት ካርቦኖች ሃይድሮጅን ለብሰው ይቀራሉ። በአብዛኛው ጠጣር ነገር፣ ብርሃን የቀሰቀሰው ኤሌክትሮን ወደ ውጭ ለመውጣት አጥር መዝለል አለበት። ሃይድሮጅን የለበሰ አልማዝ ላይ ግን አጥሩ የለም። እንዲያውም መንገዱ ቁልቁለት ነው! ይህ ባህሪ አልማዝ ላይ የታወቀው በ1979 ነው።

ውሃ ውስጥ የገባውን ኤሌክትሮን የውሃ ሞለኪውሎች ይከቡታል። ሃርት እና ቦግ የተባሉ ሳይንቲስቶች በ1962 ቀይ ብርሃን ሲውጥ ያዩት ይኸው ነው። ዕድሜው በማይክሮ ሰከንድ ይቆጠራል፤ ጉልበቱ ግን ሌላ ነው። ሌላውን ነገር ኤሌክትሮን የማስያዝ አቅሙ −2.9 ቮልት ገደማ ሲሆን፣ በዚህ ሶዲየምን እንኳ ይበልጣል።

በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የሮበርት ሃመርስ ቡድን በ2013 ይህን ጉልበት ናይትሮጅን ላይ ሞከረው። አልማዙን ናይትሮጅን ባለበት ውሃ ውስጥ አድርገው አልትራቫዮሌት አበሩበት። በክፍል ሙቀትና በተለመደው የአየር ግፊት አሞኒያ አገኙ። የማዳበሪያ ፋብሪካዎች አሞኒያ ለመሥራት የሚጠቀሙበት የሃበር-ቦሽ ዘዴ ግን ከ400 ዲግሪ በላይ ሙቀትና ከተለመደው የአየር ግፊት ከ100 እጥፍ በላይ ግፊት ይፈልጋል። የሚገርመው ሌላም ነገር አለ። የተለመደ ካታሊስት (ኬሚካዊ ለውጥ የሚያፋጥን ነገር) ናይትሮጅኑን ገጹ ላይ መያዝ አለበት። እዚህ ግን ኤሌክትሮኑ ራሱ ወጥቶ ይፈልገዋል። በዓመቱ ቡድኑ በዚሁ መንገድ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀየረ።

አልማዝን እንደ ኤሌክትሮድ (ኤሌክትሪክ ወደ ፈሳሽ እንደሚያስገባ ጫፍ) አድርጎ በብርሃን ማጥናት ግን አዲስ አይደለም፤ የሞስኮው ተመራማሪ ፕሌስኮቭ በ1987 ጀምሮታል። ዛሬ ብዙ ጊዜ ቦሮን የተጨመረበት ነው የሚመረጠው፤ ቦሮኑ አልማዙ ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ያደርጋል።

«ሃበር-ቦሽ አበቃለት» ማለት ግን ችኮላ ነው። ዋናው ጣጣ ብርሃኑ ነው። ኤሌክትሮኑን ለመቀስቀስ 5.5 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ጉልበት ያስፈልጋል፤ ይህም ከ225 ናኖሜትር ያጠረ የሞገድ ርዝመት ነው። ያንን ከፀሐይ የሚመጣ ጨረር ኦዞን ስለሚያስቀረው መሬት አይደርስም። ስለዚህ መብራት ግድ ነው፤ መብራቱ ደግሞ ኤሌክትሪክ ይበላል። በዓይን የሚታይ ብርሃን እንዲሠራ ቀለሞችን፣ የብር ቅንጣቶችንና ሆን ተብለው የተፈጠሩ የክሪስታል ጉድለቶችን የሚሞክሩ አሉ። ገጹም አይበረክትም። ሃይድሮጅኑ ቀስ በቀስ በኦክስጅን ይተካል፤ ያኔ አጥሩ ይመለሳል።

ውጤቱን መለካትም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። የሚገኘው አሞኒያ ጥቂት ነው፤ ከአየር፣ ከጓንት፣ ከሰው ትንፋሽ ሳይቀር አሞኒያ ሊገባ ይችላል። ጠንቃቃ ተመራማሪ ናይትሮጅን 15 የተባለውን ከበድ ያለ ዓይነት ይጠቀምና አሞኒያው ከዚያው መምጣቱን ያጣራል።